የሙከራ ማምረቻው ለማን ይሰጥ? በምን ውል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በንጹሕ ቴክኖሎጂ የተሰማሩ ጀማሪ ድርጅቶች ስላገኙት ሽልማትና ስለ ወሰዱት ሥልጠና የምታወጡትን ዘገባ እከታተላለሁ። ከሽልማቱ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ፣ ማለትም በቤተ ሙከራ የተሳካውን ነገር ከፋብሪካ በፊት ስለሚፈትነው የሙከራ ማምረቻ (ፓይለት ፕላንት) ግን የተጻፈ ብዙም አላጋጠመኝም። በኮምቦልቻ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለኝ ሰው ስለሆንሁ ነገሩን ከብየዳው በኩል ላቅርበው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ወጣቶች ወደ እኔ መጡ። የአንድ ፋብሪካን ፍሳሽ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን በባክቴሪያ አብላልተው ጥሩ ጋዝ አግኝተው ነበር፤ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባውን ፍሳሽ ለማገዶ ለማዋል ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ይዘውት የመጡት ግን በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ብቻ ነበር። ውላችንም «2 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ከውጭ በሙቅ ውሃ የሚሞቅ የስቴንለስ ታንከር፣ ብዛት 1» የሚል አንድ መስመር ሆነ። ሠርተን አስረከብን። ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረው ጀሪካን ባክቴሪያው የሚፈልገውን 37 ዲግሪ ሙቀት ሳያጓድል የኖረ ቢሆንም፣ ታንከሩ ግን ግድግዳው እየሞቀ መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ተራ ሒሳብ ነው፤ ይዘቱ 100 እጥፍ ሲያድግ፣ ቅርጹ እስካልተለወጠ ድረስ የግድግዳው ስፋት የሚያድገው 21 እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የሚሞቅ ግድግዳ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ክዳኑን ቆርጠን በውስጡ የሙቅ ውሃ ቱቦና ማማሰያ ማስገባት ነበረብን፤ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ተጨቃጨቅን፣ የእነሱም ገንዘብ አልቆ ነበር። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። በጋዙ ውስጥ ነሐስን የሚበላው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እንዳለ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የነሐስ ቫልቭ አልገጥምም ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ከሰል ጠቁሮ አልዞር አለ።

እንግዲያውስ ራሳቸው ይሥሩት የሚል ይኖር ይሆናል። አልስማማም። ሦስት ሰዎች ያሉት ድርጅት ለአንድ ጊዜ ሥራ የብየዳ ማሽን ገዝቶ፣ በያጅና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ቡሎንና ዳዶ ፍለጋ ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለስ ለምርምር የተሰጠው ገንዘብ ያልቃል። ተዘጋጅቶ ከውጭ ይምጣ የሚለውም ቢሆን ለፋብሪካ እንጂ ለሙከራ አይመቸኝም። የሙከራ ማምረቻ የሚሠራው ሊቆረጥ፣ ሊቀጠልና ሊለወጥ ነው፤ የሠራው ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ለአንድ ፍላንጅ (የቱቦ መጋጠሚያ) ወይም ለአንድ ጓርኒሲዮን የውጭ ምንዛሪ ስንጠብቅ ወራት ያልፋሉ። ልዩ ፓምፕና መለኪያ ከውጭ መግባቱ አይቀርም፤ ታንከሩ፣ ቱቦውና መቆሚያው ግን በዚህ ከተማ በሚገባ ይሠራሉ።

ስለዚህ ግንባታው ለአገር ውስጥ ወርክሾፕ ይሰጥ፣ ውሉ ግን በሁለት ይከፈል እላለሁ። በመጀመሪያው ሥዕሉና ስሌቱ ብቻ ይሠራና በፈጀው ሰዓት ልክ ይከፈልበት። ምን ያህል ፍሳሽ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ የሙቀቱና የግፊቱ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ብረት የሚበላ ነገር መኖር አለመኖሩ፣ አንድ ቫልቭ ተዘግቶ ቢቀር ወይም መብራት ድንገት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ተጠይቆና ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ሥዕሉን በክፍያ ቢመረምሩት ደግሞ እኔን የመሰለው ባለሙያ ያላየው ስሕተት ገና በወረቀት ሳለ ይታረማል። ብረት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ፣ በቁርጥ ዋጋ ነው። ለማሻሻያ የሚሆን ገንዘብ ከመነሻው ለብቻው ይቀመጥ፤ ታንከሩም ከወርክሾፑ ሳይወጣ ውሃ ተሞልቶና ከሥራው ግፊት በላይ ተፈትኖ፣ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ አለመኖሩ በባለቤቶቹ ፊት ይታይ።

ወጣቶቹ ሐሳባችን ይሰረቃል ብለው እንደሚፈሩ አውቃለሁ። ባክቴሪያውን ከየት እንዳመጡትና እንዴት እንዳላመዱት ለእኔ መንገር አያስፈልጋቸውም፤ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ነገር ብረቱን ምን እንደሚያደርገው ግን መደበቅ የለባቸውም።

ገንዘብ ሰጪዎችም ደረጃ መዝለልን ባያበረታቱ መልካም ነው። ዛሬ በብዙ አገር የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚጣራበትን ዓይነት ማብላያ በኔዘርላንድ ያዳበሩት ፕሮፌሰር ሌቲንጋና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 200 ሜትር ኩብ ወደሚይዘው የመጀመሪያ ሙሉ ማጣሪያ የደረሱት በ6 ሜትር ኩብ የሙከራ ማብላያ አልፈው ነው። እኛ ዘንድ ግን በጀሪካን የታየ ውጤት ይዞ በቀጥታ ስለ ፋብሪካ የሚያወራ ማመልከቻ በረከተ፤ ለመካከለኛው ደረጃ ገንዘብ ሲጠየቅ «ይህማ ገና ሙከራ ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ያ ታንከር አሁንም በወርክሾፔ ግቢ ቆሟል። ወጣቶቹ ወይም ሌሎች በሚገባ የተሠራ ሥዕል ይዘው ቢመጡ፣ ክዳኑን ቆርጬ ቱቦውንና ማማሰያውን በዕቃው ዋጋ ብቻ ለማስገባት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ