የልጅሽን ስም ከማስመዝገብሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ወንድ ከሆነ ኤድዋርድ እንለዋለን፤ ትርጉም ባይኖረውም ለእንግሊዞቹ አፍ አያስቸግርም» ያልሽኝ ከሰሞኑ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለመቃወም አይደለም የምጽፍልሽ። ትርጉም የለውም ያልሽው ግን አላስቻለኝም።

አለው እንጂ! ኤድዋርድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሀብት ጠባቂ ማለት ነው። አልፍሬድ፣ ኤድመንድ፣ ኤዲት የዚያው ዘመን ስሞች ናቸው። በፈረንጆቹ 1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው አገሩን ሲይዙ ግን እነዊልያም፣ እነሮበርት፣ እነሪቻርድ ገቡ። ውሎ አድሮ ገበሬውም ልጁን በጌቶቹ ስም መጥራት ጀመረ። የድሮዎቹ ስሞች አብዛኞቹ በዚሁ ጠፉ። ኤድዋርድ የተረፈው እንደ ቅዱስ የሚከበር ንጉሥ ስሙ ስለነበረ ነው። ኋላ የነገሠው የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ያንን ቅዱስ አጥብቆ ይወድ ነበርና በ1239 የተወለደለትን ልጁን ኤድዋርድ አለው። እንግዲህ የጻድቅ ስም ከሆነ እኔ ምን እላለሁ?

ሴት ከሆነችም ግሬስ አለላችሁ፤ ጸጋ ማለት ነው። ፑሪታን የሚባሉት ሃይማኖተኞች እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ይወዱ ነበር። ለንደን ውስጥ ፕሬዝ ጎድ ቤርቦን የሚባል የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የ1653ቱ ፓርላማ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ፕሬዝ ጎድ እኮ ያው የእኛ ተመስገን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቤተሰብ ስሙ ነው።

ድሮ እነሱም እንደኛው ነበሩ። የጆን ልጅ ጆንሰን ይባላል፤ እሱ ራሱ ሪቻርድ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሪቻርድሰን ነው። ሌላውን በሥራው ይጠሩታል፦ ቴይለር ልብስ ሰፊ፣ ኩፐር በርሜል ሠሪ፣ ዌብስተር ሸማኔ፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ሴት ሸማኔ። ኋላ ግን ርስት ለሚያወርሰውም፣ ግብር ለሚመዘግበውም የማይቀያየር ስም ተመቸ። በ1400 አካባቢ የአብዛኛው ሰው ስም ባለበት ረጋ። ዛሬ ጆንሰን የሚባለው ሰው አባቱ ዴቪድ ሊሆን ይችላል።

ስሚዝ ደግሞ ቀጥቃጭ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከእሱ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም። እኛ አገር ቀጥቃጭ ስድብ ነበር፤ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። እነሱ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረሱት መኖራቸው ልቤን ይነካዋል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባልሽ ወረቀቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈለት የአባቱ ስም ነው። ሕፃኑ በእንግሊዞቹ ልማድ እሱን ከወሰደ በአያቱ ይጠራል፤ የገዛ አባቱ ስም ከመሃል ወጥቶ ይቀራል። ይኼ አይዋጥልኝም። የእንግሊዝ ሕግ የፈለጋችሁትን የቤተሰብ ስም እንድታስመዘግቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ የባልሽን የራሱን ስም ስጡት። ያንቺ፣ ማለትም የአባትሽ ስም ቢሆን ደስታውን አልችለውም፤ ነፍሱን ይማርና። ግን ተራው የባልሽ ነው።

ጣጣ የለውም አልልሽም። ሦስታችሁም የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዛችሁ ኤርፖርት ስትደርሱ «የማን ልጅ ነው?» መባላችሁ አይቀርም። ሁለታችሁ ያላችሁበትን የልደት የምስክር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዢ።

ለማስመዝገብ ያላችሁ 42 ቀን ነው። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነውና አንድ ሰሞን ይገጥማል። ሴት ከሆነች ግን 80 ቀኗን አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ተመካከሩና እሁድ ስትደውሉ ንገሩኝ።

እናትሽ