ምትሃትና አፍዝ አደንግዝ አንድ አይደሉም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ ሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው በጋራ ታሪክ ስለሚፈጥሩበት ጨዋታ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። ጸሐፊው ግን የድግምት ዘርፎችን ሲዘረዝሩ ምትሃትንና አፍዝ አደንግዝን «ማፍዘዝ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለዋቸዋል፣ ከሙታን ጋር የሚሠራውን ዘርፍ «ጥቁር አስማት» ብለውታል፣ ክፍፍሉንም ለጌጥ የገባ ነገር አድርገው አልፈውታል። እዚህ ደሴ የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ እየመለስን ለምንጫወት ሰዎች ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ጨዋታው መሃል ላይ ሲደርስ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ይኸው ነው።

አንድ ደጋሚ (ድግምት የሚሠራ ገጸ ባሕርይ) ቦርከና ድልድይ ላይ የቆመውን ዘበኛ በጅብ ሊያባርረው ፈለገ እንበል። የገዛ አካሉን ለውጦ ጅብ ከሆነ ልወጣ ነው፤ ጭቃው ላይ ዱካ ይቀራል፣ ቢነክስም ያደማል። ጅብ ከሌላ ቦታ ካመጣ ጥሪ ነው፤ ደጋሚውና ጅቡ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ጊዜው ሲያልቅ ጅቡ ወደ መጣበት ይመለሳል። የጅብ ምስል ብቻ ካቆመ ምትሃት ነው፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፣ ዘበኛው ድንጋይ ቢወረውር ግን ድንጋዩ በውስጡ አልፎ ይሄዳል። ጅቡን ጭራሽ ትቶ ዘበኛውን «ሽሽ» በሚል አንድ ቃል ካስሮጠው ደግሞ አፍዝ አደንግዝ ነው። በአራቱም ዘበኛው ይሸሻል። መከላከያው ግን በአራቱም ይለያያል፤ ዘርፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምትሃት ዓይንንና ጆሮን ያታልላል፤ ፈቃድን አይነካም። አፍዝ አደንግዝ ዓይንን ትቶ ፈቃድን ይይዛል። በ2000 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (የታወቀ የሚና ጨዋታ) ሦስተኛ እትም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አእምሮ የሌለው በአስማት የተነሣ አጽም በአፍዝ አደንግዝ አይያዝም፤ ምትሃት የሠራው ግድግዳ ፊት ግን እውነተኛ ግድግዳ እንዳየ ሁሉ ይቆማል። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚታየው ቅዠት አከራካሪ ነው። ያ እትም ከምትሃት ወገን አኑሮታል፤ እኛም ትክክል ነው እንላለን፤ ቅዠቱን ያየ ሰው ልዋጋ ወይም ልሽሽ ብሎ የሚወስነው አሁንም ራሱ ነውና። ሁለቱን «ማፍዘዝ» ብሎ የሚጽፍ አጫዋች (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ይህን ሁሉ ያጣል።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ቃል አይቸግረውም። ምትሃት እና አፍዝ አደንግዝ ከድሮ ጀምሮ ተለያይተው የኖሩ ቃላት ናቸው፤ መስተፋቅርም ከሁለተኛው ወገን ይቆጠራል። የተሰወረን ነገር የሚያውቀው ዘርፍ ጥንቆላ ነው፤ ስለዚህ ተዋጊውን አስማተኛ «ጠንቋይ» ማለት ያምታታል፣ ደጋሚ ይሻላል። የሚጋርደው ከለላ ነው። እሳት፣ ብርድና መብረቅ የሚወልደውን ኃይል ማፍለቅ እንለዋለን፤ ከዚህ ያጠረ ጥሩ ስም ያለው ቢያካፍለን ደስ ይለናል። «ጥቁር አስማት» የተባለውን ብዙዎች ሙታን ሳቢ ይሉታል፤ ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስም ያለ ነው። ይሁን እንጂ ዘርፉ ከሙት ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕይወት ኃይል ጋርም ስለሚሠራ «ሕያውና ሙት» ብንለው ይበልጥ ይስማማል።

ይህን ስም ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በ1978 የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተጫዋቾች መጽሐፍ ቁስል የሚያድነውን ድግምት ከዚሁ ዘርፍ መድቦት ነበር። በ2000 ወደ ጥሪ፣ በ2014 ወደ ኃይል ማፍለቅ፣ በ2024 ወደ ከለላ ተዛወረ። ድግምቱ ያው ቁስል ማዳን ነው፤ ቤቱ ግን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ስለዚህ የድሮና የአዲስ እትም ድግምት አንድ ደብተር ላይ የሚቀላቅል ሰው በየድግምቱ ግርጌ የእትሙን ዓመት ይጻፍ። አስማትን የሚያስለየው ድግምት በ2014ቱ ደንብ እስከ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ያለውን አስማት ከነዘርፉ ይናገራል (ስስ የእርሳስ ልባጥ ያግደዋል)። በታሪካችሁ ውስጥ ሙታን ሳቢ የተከለከለባት ከተማ ካለች፣ ፈውሱ በድሮው ዘርፍ ከተመዘገበ የበር ጠባቂው ሙት አስነሺውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሟንም ያስራል።

ሂሳቡም በዘርፍ ላይ ይቆማል። በ2014ቱ ደንብ ደጋሚ አንድን ድግምት ወደ መጽሐፉ ሲገለብጥ ለእያንዳንዱ የድግምቱ ደረጃ 2 ሰዓትና 50 ወርቅ ይከፍላል፤ ድግምቱ ከራሱ ዘርፍ ከሆነ ግማሹን። የከለላ ደጋሚ ከለላ በደገመ ቁጥር የሚሞላ ጋሻም አለው። 2ኛ ደረጃ የደረሰና የአእምሮ ነጥቡ 16 የሆነ ደጋሚ ጋሻው 7 ነጥብ ጉዳት ይይዝለታል፤ ከተቀነሰበት በኋላ 1ኛ ደረጃ ከለላ ቢደግም 2 ይመለስለታል። የአስማት ጥሩር የተባለው ድግምት በ2000 ጥሪ፣ በ2014 ከለላ ነው። የድሮውን ምድብ የያዘ ሰው ጋሻውን በእሱ ሊሞላ አይችልም።

የራሳችሁን ድግምት ስትመድቡ ለእያንዳንዱ አንድ ብጣሽ ወረቀት ያዙና ሥራውን በአንድ ግሥ ጻፉ፤ «ያቃጥላል»፣ «ያመጣል»፣ «ይለውጣል»። «ለማስፈራራት»፣ «ለማምለጥ» የሚሉትን ሰርዙ፤ ዓላማ ዘርፍ አይሆንም። ከዚያ ነገሩ ከየት መጣ፣ ምን ያጠፋዋል ብላችሁ ጠይቁ። የጦሳን ተራራ እንደሚሸፍነው ያለ ጉም የሚያወርድ ድግምት ጉሙ እውነተኛ ከሆነ ነፋስ ይበትነዋል፤ ጥሪ ነው። ነፋስ የማይነካው ከሆነ ምትሃት ነው። ሁለት ቤት የሚገባ ድግምት ሲገጥማችሁ አንዱን ሥራ በሐሳብ አውጡት፤ ሲወጣ ድግምቱን ከንቱ የሚያደርገው ሥራ ዘርፉ ነው።

የሚበላሸው በብዛት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ልወጣ ነው፤ ሁሉም ድግምት የሆነ ነገር ስለሚለውጥ የተቸገረ ሰው ሁሉ እዚያ ይጥላል። ከነበረ ነገር ቅርጹ፣ ባሕርይው ወይም ፍጥነቱ ካልተቀየረ ልወጣ አትበሉት። ሁለተኛው ጥሪ ነው። በሦስተኛው እትም የአሲድ ቀስት ጥሪ ተባለ፤ በ2003 በታረመው ቅጂም አንዴ ከተፈጠረ እንደማንኛውም አሲድ ነው ተብሎ የአስማት መቋቋሚያ (ድግምት እንዳይነካው ፍጡርን የሚከላከል ችሎታ) አያግደውም። የእሳት ኳስን ግን ያግደዋል። ኋላ የወጡ ተጨማሪ መጻሕፍት ሌሎች አጥቂ ድግምቶችንም በዚሁ በር ሲያስገቡ ኃይል የሚያፈልቀው ደጋሚ ተመራጭነቱን አጣ። ጉዳት ማድረስ ብቻ ሥራው የሆነን ድግምት ከኃይል ማፍለቅ አታውጡ።

ስምንቱን ዘርፎች ጭራሽ ማስወጣትም ይቻላል፤ ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ በ2023 በታደሰው እትሙ አስወጥቷቸዋል። ያም ሆኖ ድግምቶቹን አርካን፣ መለኮታዊ፣ ስውርና ተፈጥሯዊ በሚሉ አራት ምንጮች መመደቡን አልተወም። ምንጭንና ዘርፍን መለየት እኛ ጋ በተለይ ያስፈልጋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚጫወትበት የወሎ ጠረጴዛ ላይ ዱዓን፣ ጠበልን ወይም ክታብን ከድግምት ዝርዝር ማስገባት ነውር ነው፤ ለጨዋታው የተፈጠረ እምነትና የተፈጠረ ስም ይበቃል።

ጽሑፉን ስታርሙ ቢያንስ «ማፍዘዝ» የተባለውን ለሁለት ክፈሉት፤ «ጥቁር አስማት» የሚለውንም አንሡልን።

ከአክብሮት ጋር
የሚና ጨዋታ ተጫዋቾች፣ ከደሴ