ጠበቃዬ፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሪኝ

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ስለጠፋሁ ይቅርታ፤ ኑሮው እንደምታውቂው ነው። አሁን ግን ፈልጌሽ ነው የመጣሁት።

ቅዳሜ እዚህ ካምብሪጅ ላደጉት ልጆቻችን ስለምንኖርባት የአሜሪካ ግዛት ስለ ማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት እንዳወራ ተጠይቄያለሁ። ያለ አንቺ ስለ ሕግ ማውራት አልለመድኩም። አንቀጽ በተነሳ ቁጥር ዶርሙን የምትቀሰቅሺው አንቺ ነበርሽ!

የገረመኝን ልንገርሽ። እንደ ፈረንጆቹ በ1778 የግዛቷ ምክር ቤት ራሱ ሕገ መንግሥት ጻፈና ለየከተማው ላከ። ሕዝቡ ጣለው! ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ሆነው እኮ ነው። የመብት ዝርዝር የለውም አሉ። ኮንኮርድ የምትባለው ከተማማ ገና በ1776 ነቅታለች። ምክር ቤቱ ጽፎት ምክር ቤቱ የሚቀይረው ከሆነ ለእኛ ምን ዋስትና አለው? ለዚህ ብቻ የተመረጠ ጉባኤ ይጻፈው አለች። ይሄ ክርክር ያንቺ አይመስልም?

ጉባኤው በ1779 እዚሁ ካምብሪጅ ተሰበሰበ። ረቂቁን በዋናነት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ጻፈው። በ1780 ሰዉ በየከተማው ቁጭ ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ተከራከረበት፤ ያልተስማማበትንም ከነምክንያቱ ጽፎ ላከ። ለመምረጥ 60 ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ወይም በዓመት 3 ፓውንድ የመሬት ገቢ ይጠየቅ ነበር። ደሀው ለጦርነት ሲሆን ይፈለጋል፣ ለምርጫ ሲሆን ለምን ይቀራል ያሉ ከተሞች ነበሩ። አልተሰሙም። ሴቶችማ ጭራሽ እንዲመርጡ አልተፈቀደላቸውም።

የከበደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1781 ኤልሳቤጥ ፍሪማን፣ ያኔ «ቤት» (Bett) በሚል ስም ነበር የሚጠሯት፣ በባርነት እያለች ፍርድ ቤት ቆመች። ማንበብ አትችልም። ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ ይወለዳል የሚለው የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ እኔንም ይመለከተኛል ብላ ተከራከረች፤ አሸንፋም ነጻ ወጣች። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ልጄ ታዲያ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሲጽፉት እሷን አስበዋት ነበር?» እስካሁን አልመለስኩላትም። እኔ ድሉን የምሰጠው ለኤልሳቤጥ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው ባይከራከር ኖሮ የምትይዘው አንቀጽስ ይኖር ነበር? አንቺ ብትሆኚ ለልጆቹ ከየቱ ትጀምሪላቸዋለሽ?

ሌላም ልነግርሽ ነበር… ይቅር፣ በስልክ ይሻላል። ሐሙስ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ። አደራ፣ አንሺ።