ጉዳዩ፦ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የሽጉጥ አፎት

ለቆዳ ውጤቶች ማምረቻና መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከባሕር ዳሩ ሱቃችሁ አንድ የሽጉጥ አፎት ከነቀበቶው ገዝቻለሁ። የከፈልኩት 3,200 ብር ነው። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል፤ ልብስ ውስጥ አይታይም» ተብሎ ተጽፏል። ለሁሉም አይሆንም፤ ይታያልም። ይህንኑ በስልክ ነግሬያችሁ ነበር። ያገኘሁት መልስ ከዕቃው የባሰ ስለሆነ ነው አሁን በጽሑፍ የመጣሁት።

የምኖረው ቡሬ ነው። በርበሬና በቆሎ እነግዳለሁ። ከሽንዲም ከጂጋም እሰበስብና አዲስ አበባ ለሚረከቡኝ ነጋዴዎች እልካለሁ። ሥራው ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ገበሬው ጆንያውን ከአህያ ላይ አውርዶ ሚዛን ላይ ካወጣ በኋላ «ነገ ባንክ ና» ቢሉት አይሰማም፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ብር ይዤ እወጣለሁ፣ አንዳንዴም አመሻሽቼ እገባለሁ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እናንተም የምትኖሩት እዚሁ ነው።

ሽጉጡ በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ፈቃድ አለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማክበድ አይደለም። ዕቃችሁን የሚገዛው ሕግ አክብሮ የሚኖር፣ መሣሪያው ከእጁ እንዳይወጣና ሰው እንዳይጎዳ ኃላፊነት ያለበት ሰው መሆኑን እንድታስቡት ነው።

ለምን ደብቄ እንደምይዘውም ልንገራችሁ፤ ጎጃም ውስጥ ይኼ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አባቶቻችን ምንሽራቸውን አንግተው፣ ዝናራቸውን ታጥቀው በአደባባይ ነበር የሚሄዱት። ዛሬም ወደ ገጠር ወጣ ካላችሁ መሣሪያ ያነገተ ገበሬ ብርቅ አይደለም። አጎቴ ሽጉጤን በጃኬት ስሸፍን ባየ ቁጥር «ምን ሰርቀህ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ሽጉጥ የሚታይበት ነጋዴ «ብር ይዣለሁ» ብሎ ያወጀ ነጋዴ ነው። ዘራፊ ቢመጣ መጀመሪያ ማንን እንደሚመታ አሳይቼዋለሁ ማለት ነው። ደግሞ መጋዘኔ ውስጥ የቀን ሠራተኞች አሉ፣ ሴቶች በርበሬ ይለቅማሉ፣ ልጆች ምሳ ያመላልሳሉ። ሰው ሽጉጥ እያየብኝ እንዲደራደረኝ አልፈልግም። መደበቁ ለእኔ የሥራው ግማሽ ነው፤ አፎቱን ከእናንተ የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

ሽጉጤ ቶካሬቭ ነው። የድሮ የሶቭየት ሥሪት ነው። ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቱ ባዶውን 850 ግራም አካባቢ ነው። 8 ጥይት የሞላ ካርታ ሲገባበት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የእናንተ አፎት የተቆረጠው ግን ማካሮቭ ለሚባለው አጠር ያለ ሽጉጥ ነው። ይህን በግምት አልተናገርኩም። ማካሮቭ ያለው ወዳጄ የራሱን ከትቶበት ልክክ ብሎ ገባ። ማካሮቭ 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከቶካሬቭ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ያጥራል። አፎታችሁ ደግሞ ከታች የተዘጋ ነው፤ የአፈሙዙ መውጫ ተሰፍቷል። ስለዚህ ረዘም ያለ ሽጉጥ ሲከቱበት የአፎቱን ግርጌ ይነካና ይቆማል። የተረፈችው ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ትወጣለች። ከእሷ ጋር አብሮ የሚወጣው ደግሞ ቃታው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሽጉጥ አፎት የመጀመሪያ ሥራው ቃታውን መሸፈን ነው። ማማሩ፣ መጥቆሩ፣ ማተማችሁ መታተሙ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ማካሮቭ ጎኑ ላይ በድንገት እንዳይተኮስ የሚያግድ መቆለፊያ አለው። ቶካሬቭ ሲሠራ እንዲህ ያለ መቆለፊያ አልተሠራለትም፤ ያለው የኋላ መምቻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው። እኔ ለዚሁ ስል ጥይት ሳላጎርስ ነው የምይዘው። አጉርሶ የሚይዝ ሰው ቢገዛውስ? ቃታው በተገለጠ አፎት ውስጥ ከትቶ፣ ጃኬት ደርቦ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ቢቀመጥስ? የጃኬት ማሰሪያ ገመድ ቃታው ላይ ለመጠምጠም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛው ነገር ቆዳው ነው። የበግ ቆዳ ነው የተጠቀማችሁት። የደጋችን በግ ቆዳ በስሱነቱና በልስላሴው ውጭ አገር ድረስ ለጓንት የተመሰገነ ነው፤ አውቃለሁ። ለሽጉጥ አፎት ግን ያ ልስላሴ ጠላት ነው። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ወዲያው ክድን ይላል። መልሶ ለመክተት በአንድ እጅ አፉን መክፈት፣ በሌላው ሽጉጡን መያዝ ያስፈልጋል። ያኔ የታጠፈው ቆዳ ከጣት ቀድሞ ወደ ቃታው ይገባል። አጉርሶ የያዘ ሰው ከሆነ የገዛ እግሩን ሊመታ ይችላል። በዚህ ዓይነት ያረጀና የላላ ቆዳ ሽጉጥ ባርቆባቸው የተጎዱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የእናንተው ግን ሳያረጅ፣ አዲሱን ከማሸጊያው ስታወጡት እንዲህ ነው።

ቀበቶውን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ስስ ቆዳ በማጣበቂያ ተያይዞ ዳር ዳሩ ተሰፍቷል። ወር ሳይሞላው ተላቀቀ። አንድ ኪሎ የሚጠጋ ነገር ሲንጠለጠልበት ወደ ውጭ ይጋደልና እጀታው ከወገቤ ይርቃል።

«ልብስ ውስጥ አይታይም» የሚለው የወደቀውም እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሽጉጥ ይዞ የማያውቅ ሰው የሚቸግረው ርዝመቱ ይመስለዋል። አይደለም። አፈሙዙ ወደ ታች ነው፤ ሱሪ ውስጥ ወይም ጃኬት ሥር ይሰወራል። የሚያጋልጠው እጀታው ነው። ጎንበስ ሲሉ ከኋላ ልብሱን ወጥሮ የሚወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚሠራው አፎት ሽጉጡን ወደ ፊት ትንሽ ያዘነብለዋል፣ እጀታውንም ወገብ ላይ ልጥፍ አድርጎ ይይዘዋል። የእናንተው ቀጥ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ፣ ደግሞም አርቆ ነው የሚይዘው። ሦስቱንም ጥፋት አንድ ላይ ማግኘት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ገዢዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀን ሚዛኑ ላይ የተንጋደደ ጆንያ ላስተካክል ጎንበስ አልኩ። ጃኬቴ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ቀና ስል ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ዓይኑ ወገቤ ላይ ነው። በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶችም ወሬያቸውን አቁመዋል። ሰውዬው በጨዋታ ሊያልፈው ሞከረ፣ እኔም ሳቅኩ። የዚያን ቀን ግን ዋጋ ሳይከራከረኝ ከፍሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ትርፍ አልፈልግም። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ባንክ በር ላይ ያለውንም ስሙኝ። የባንክ ጥበቃ መሣሪያ ተቀብሎ ነው የሚያስገባው፤ ተገቢ ነው። ደህና አፎት ከቀበቶ ላይ ሽጉጡ ውስጡ እንዳለ የሚላቀቅበት መንጠቆ አለው። ሰው የተመዘዘ ሽጉጥ ሳያይ፣ ቃታ ሳይነካ፣ አፎቱን እንዳለ ያስረክባል። የእናንተው ግን ማሳለፊያው በቀበቶው ዙሪያ የተሰፋ ነው። ወይ ቀበቶዬን ፈትቼ ሱሪዬን መያዝ፣ ወይ ሽጉጡን መዝዤ ማውጣት አለብኝ። የመጣ ይምጣ ብዬ መዘዝኩት። ከኋላዬ ልጅ ያዘለች እናት ተሰልፋለች። ጥበቃው ልጅ እግር ነው ግን ሥራውን ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ጋሼ። ቀስ ብለው» አለኝ። ለእኔም ለሴትዮዋም ያሰበው እሱ ነው። የሰው ጭንቀት ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» የሚለው ጽሑፋችሁ ነው።

አሁን ስለ ስልኩ። ሱቃችሁ ደውዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁ። ያነሣው ልጅ ጨርሶ ሰማኝና «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ትንሽ ሽጉጥ አይገዙም?» አለኝ። ሽጉጥ መለወጥ ሸሚዝ መለወጥ መሰለው። ፈቃዴ ላይ የሰፈረው የዚህ መሣሪያ ቁጥር ነው። ደግሞ ትልቁን የምይዘው ወግ ፈልጌ አይደለም። በገበሬ ልጅ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ጣት ተርፎት ይንሸራተታል። ትልቁ እጅ ይሞላል፤ በርሜሉ ረዘም ስለሚል ዒላማው ይያዛል፤ ክብደቱ ሲተኮስ የሚመጣውን ግፊት ይቀንሰዋል። የሚከብደው መሸከሙ ነው። መሸከሙን የሚያቀለው ደግሞ አፎትና ቀበቶ ነው። የእናንተ ሥራ ማለት ነው! ልጁን አልወቅሰውም፤ ያላስተማራችሁትን ከየት ያመጣዋል? ኃላፊ እንዲያገናኘኝ ስጠይቀው ግን ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ስደውል አይነሣም።

ይህ ሥራ እዚህ አገር የማይቻል እንዳይመስላችሁ። ተስፋ ቆርጬ እንጅባራ ለሚኖሩ አንድ ኮርቻ ሠሪ ሽማግሌ አሳየኋቸው። አፎታችሁን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት፣ ጫፉን አሹት፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ሽጉጡን ባዶ መሆኑን በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ አልነኩትም፤ ካርታውን አውጣ፣ ክፈተው፣ ደግመህ ክፈተው አሉኝ። ወፍራም የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉ። ሲለሰልስ ሽጉጡን በላስቲክ ጠቅልለው ውስጡ ከተቱና ዙሪያውን በአጥንት እያሹ ቅርፁን አስያዙት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ላይ አደረቁት። አፉ ዙሪያ ተጨማሪ ቆዳ ደርበው ስለሰፉት ሽጉጡ ሲወጣም አይከደንም። ቃታው ሙሉ ለሙሉ ተሸፍኗል። የጠየቁኝ ዋጋ ከእናንተ ያንሳል። ማሽን የላቸውም፤ ያላቸው ወስፌና ሞራ የተቀባ ክር ነው። እናንተ ማሽኑም ባለሙያውም አላችሁ። የጎደላችሁ አንድ ሰው ሽጉጡን ይዞ መጥቶ ልክ እንዲወሰድለት መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው።

የከፈልኩት 3,200 ብር ይመለስልኝ። አፎቱንና የተላቀቀውን ቀበቶ ከማሸጊያቸው ጋር እመልሳለሁ። በሌላ ዕቃ ልቀይርልህ ብትሉኝ አልቀበልም፤ የሚሆነኝ አሁን አለኝ።

ሌላውና ለእኔ የሚበልጥብኝ፣ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» የሚለው ጽሑፍ ከማሸጊያችሁ ላይ ይነሣ። ለማካሮቭ የተሠራውን «ለማካሮቭ» በሉት። ማካሮቭ ላለው ሰውም ቢሆን አፉ የሚከደን አፎት አትሽጡለት። በሱቁ መደርደሪያ ላይ የቀሩትን አውርዷቸው። ከዚህ በፊት የገዙ ሰዎች ደረሰኝ ላይ ስልካቸው አለ፤ ደውላችሁ ቃታው መሸፈኑን እንዲያዩ ንገሯቸው። ከእነሱ ውስጥ አጉርሶ የሚይዝ እንዳለ አልጠራጠርም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ዓይነትና ጥራት አሳሳች ማስታወቂያ ማውጣትን እንደሚከለክል ታውቃላችሁ ብዬ አምናለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ አፎቱን፣ ማሸጊያውንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። ሲደወልልኝ አነሣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቡሬ ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፤ ቶካሬቩ አፎቱ ውስጥ ሆኖ ቃታው እንደተገለጠ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፤ የተላቀቀው ቀበቶ ፎቶግራፍ