መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ድምፄን ካጠፋሁብሽ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባትሽ ያረፉ ጊዜ አልደረስኩልሽም። ነገ እደውላለሁ እያልኩ አሳደርኩት። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሀፍረቱ ራሱ አፌን ያዘው። ምክንያት አልደረድርልሽም። ይቅር በይኝ። ይህን ሳልጽፍ ስለ ሌላ ነገር ላወራሽ አልችልም።

እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አልነበር? እኛም በዚያው ሰሞን ከቤት ሥሩ ተባልን። ሁለት ሳምንት መስሎኝ ነበር። ይኸው ወራት ተቆጠሩ። የምግብ ጠረጴዛችን ጠዋት ቢሮ ነው፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት። ልጆቹ በአንድ ስልክ ይሻማሉ። የታጠቡት ማስኮች ገመድ ላይ ተሰጥተው ስታያቸው የሕፃን ካልሲ ይመስላሉ። እጄ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። መጽሐፍ ስገልጥ ወረቀቱ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ያመኛል።

ስለ ማንበብ እንደማወራሽ ታውቂያለሽ። ከማን ጋር አወራዋለሁ?

መጀመሪያ ላይ ጊዜ አገኘሁ ብዬ ነበር። ስንት ዓመት አቧራ የጠጡትን መጻሕፍት አውርጄ አልጋዬ አጠገብ ከመርኳቸው። አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። አንድ ገጽ ሦስቴ አነባለሁ፣ ምንም አይገባኝም። እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ዛሬ ስንት ሰው ተያዘ? ስንት ሞተ? ቁጥሩን አይቼ ስልኩን አስቀምጣለሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሼ አነሳዋለሁ። ሰዉ ደግሞ ያን ሰሞን የኒውተንን ታሪክ ይቀባበል ነበር። በ1665 እ.ኤ.አ. የሚማርበት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ ገጠር እናቱ ቤት ገብቶ ስንቱን ነገር እንደመረመረ። እውነት ነው፣ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ግን ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር፣ የሚያስጠናው ልጅ አልነበረው። ቀኑን በሰላም ለማሳለፍ ለሚታገል ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሸክም ይጨምርበታል እንጂ አያበረታውም። ቤት መዋል ውድድር መሆን የለበትም።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። ትኩሳት ጀመረው፣ ሳል ተከተለ፣ ተመረመረ፣ አለበት ተባለ። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። 14 ቀን። ምግቡን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በሩን አንኳኩቼ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው እንዲህ መሸሽ ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም።

በአራተኛው ቀን ማታ በበሩ በኩል ጠራኝ። «ጣሪያ ማየት ሰለቸኝ» አለ። «ዓይኔን ስለሚያመኝ እኔ ማንበብ አልቻልኩም። እስቲ የሆነ ነገር አንብቢልኝ።»

«ምን ላንብብልህ?»

«ሰው የማይሞትበት።»

ኮሪደሩ ላይ ትራስ ጣልኩ። ማስኬን አድርጌ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ደገፍኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ሲያወራ ሳሉ ስለሚነሳበት በማንኳኳት ተስማማን። አንድ ጊዜ ካንኳኳ ቀጥይ ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ይበቃል። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ኳ! ትልልኛለች ያቺ ድምፅ። እቀጥላለሁ። በሦስተኛው ማታ ልጆቹም ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሿ አባቷ ከማንኳኳቱ በፊት ራሷ ወለሉን ትመታልኛለች።

አንድ ማታ ምዕራፉን ጨርሼ ብጠብቅ ምንም የለም። ስሙን ጠራሁ። ዝም። አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ ፊቴን እንዳያዩ ዞር ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ያንኮራፋል! ስንት ዓመት የተጣላሁትን ማንኮራፋት ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ አመሸሁ።

ዳነ። እንደገና ማንበብ የቻልኩትም በዚያ ኮሪደር ነው። ጮክ ብለሽ ስታነቢ ዓይንሽ አይዘልም፣ እጅሽም ስልክ አይፈልግም። የሚጠብቅሽ ሰው አለ። ጣሊያናዊው ደራሲ ቦካቺዮ በ1348 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስን ከተማ የመታውን ቸነፈር ሸሽተው ስለወጡ አሥር ወጣቶች የጻፈውን አንብበሽዋል መሰለኝ። በአሥር ቀን መቶ ታሪክ ያወራሉ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ብልጠት፣ ስለ ተታለለ ባል። ከተማው ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ይህን ማውራታቸው ድሮ ግድ የለሽነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ስላየሁት ይገባኛል። በሽታውን ረስተውት አይደለም። ሌሊቱን መግፋት ነበረባቸው።

ሌላም የገባኝ ነገር አለ፣ አንቺን የሚመለከት። መጽሐፍ ስትይዢ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ነበር የምታነቢው። ስንቴ ተጨቃጨቅን! ታሪኩን ገደልሽው እልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ «ደህና እንደሚሆኑ ካወቅኩ ነው ረጋ ብዬ የማነበው» ትይኝ ነበር። ባለቤቴ በተኛበት ሰሞን የማነበውን ሁሉ ከመጨረሻው ጀመርኩ። እውነትሽን ነው፣ ወዳጄ። ይህ ነገር መቼ እንደሚያበቃ ማንም አያውቅም። ቢያንስ አንድ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ ልብ ያሳርፋል።

አንዱን ብቻ ግን ከመጨረሻው አልጀመርኩም። ካንቺ ተውሼ ሳልመልስልሽ የቀረሁትን። ሽፋኑ ላይ የሻይ ክብ ያለበትን፣ የኔ ጥፋት ነው። ሰሞኑን ለልጆቹ እያነበብኩላቸው ነው። አሁን አንድ ምዕራፍ ቀርቶናል።

ስልክሽን ካልቀየርሽ እሁድ ማታ እደውላለሁ። ስለ አባትሽ አውሪኝ፣ የፈለግሽውን ያህል፣ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ። ከዚያ ካልደከመሽ ያቺን ምዕራፍ አነብልሻለሁ። አንቺ መጨረሻውን ከመጀመሪያውም ታውቂዋለሽ። እንዳትነግሪኝ ብቻ።

የምትወድሽ፣
ጓደኛሽ