ባዶ እጅሽን ጫካ ግቢ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ናፍቀውሻል። አዳማ ሙቀቱ በርትቶብናል፤ የእንጦጦ ብርድ ውል እያለኝ ነው።

«ለጤናሽ ጫካ እየሄድሽ ተናፈሺ» ብዬ በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ወሬ ስለምትቀይሪ ነው መጻፌ። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ጤና ጣቢያ «ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ እንቅስቃሴ አድርጊ» ተብለሻል። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ። ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት ቴሌቪዥን፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል። ከሰፈርሽ በላይ ያን የሚያህል ጫካ እያለ!

«እዚያ ምን ልሠራ?» እንደምትይ አውቃለሁ። በወጣትነትሽ ጫካ ማለት ቅጠል መጥረግ፣ ጭራሮ መልቀም፣ እንጨቱን በጀርባሽ ተሸክመሽ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ነበር። ከጥበቃ መሸሹም አለ። ጉልበትሽን የጨረሰውን ቦታ መድኃኒት ነው ስልሽ ብትስቂብኝ አልፈርድብሽም። ግን እማዬ፣ የጎዳሽ ሸክሙ ነው። አሁን ባዶ እጅሽን ሂጂ ነው የምልሽ።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ ሰው ለጤናው ብሎ ጫካ እንዲገባ ሲመክር ኖሯል። ሩጫ የለው፣ ስፖርት የለው። ቀስ ብሎ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ወፍ መስማት፣ በቃ። ተመራማሪዎቻቸው ሰዎችን አንዴ ከተማ፣ አንዴ ጫካ እየወሰዱ ሲለኩ፣ ጫካ ውስጥ የልብ ምታቸው ረጋ ብሎ፣ ግፊታቸውም ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ቻይና ውስጥም ግፊት ያለባቸው 24 አረጋውያን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለ7 ቀን ጫካ፣ ግማሾቹ ከተማ እንዲከርሙ ተደርጎ ነበር። ግፊቱ የወረደው ጫካ ለከረሙት ነው። 24 ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አደራሽን፣ ክኒንሽን እንዳትተዪ! ጫካው ከክኒኑ ጋር ነው።

እንግሊዝ አገር ደግሞ በአውሮፓውያኑ 2019 የወጣ ጥናት ወደ 20,000 ሰው ጠይቋል። በሳምንት 120 ደቂቃ ያህል ዛፍና ሜዳ ባለበት የሚያሳልፉት «ጤናችን ጥሩ ነው» የማለት ዕድላቸው ከማይወጡት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በዕድሜ የገፉትም፣ የቆየ ሕመም ያለባቸውም ጭምር። በእርግጥ ጤነኛ ሰው ቀድሞውንም መውጣት ይወዳል፤ እሱን አልረሳሁትም። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ምን አላት? ለሁለት ቀን ብትከፍያት አንዳንድ ሰዓት ነው። በአንዴም ሆነ ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም ብለዋል።

የዛፉ ሽታ ራሱ ሰውነት በሽታ እንዲከላከል ይረዳል የሚሉም አሉ። እሱ ገና ብዙ መጣራት የሚፈልግ ይመስለኛል። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ነው። ሊሾ ላይ ብቻ የለመደ እግር ትንሽ ወጣ ገባ ሲያገኝ ሚዛን መጠበቅ ይለማመዳል፤ በአንቺ ዕድሜ ደግሞ መውደቅን የመሰለ ጠላት የለም። የጠዋት ብርሃን ዓይንሽ ሲያገኝ ሰውነትሽ ቀንና ሌሊቱን ይለያል፣ ማታ እንቅልፍ ይመጣል። ከከሰል ጭስም ትንሽ ታርፊያለሽ።

«ጫካ ተቀምጣ ያየኝ ሰው አበደች ይለኛል» ካልሽ፣ መላ አለኝ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ስትሄጂ ማን ምን ይልሻል? ተጠመቂና ቶሎ አትመለሺ። ማርያምም ራጉኤልም ቅጥራቸው ውስጥ ዛፍ አለ። ጥላ ሥር ተቀመጪና ጸሎትሽን አድርሺ። በዙሪያሽ ያለው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው፤ የአገሩን ጥድ፣ ወይራና ኮሶ በደንብ ማየት ካማረሽ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለልሽ። ስመጣ አብረን እንሄዳለን። በእኛ አቆጣጠር በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም መንገዱ የተስተካከለ ነው፣ ግን ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል፤ አንቺ ግርግር አትወጂም።

አንዳንድ ነገር ልንገርሽ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትውጪ፣ ብርዱ ቀለል ይበል። ሲመሽ ደግሞ ጅቡን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የተራራው አናት 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ቁጭ በይ፣ ደረትሽን ከከበደሽ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ጋ ሂጂ። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ስለሚችል፣ ከተቀመጥሽበት ቀስ ብለሽ ተነሺ። ውኃ ሳይጠማሽም ጠጪ፤ ዕድሜ ሲገፋ ጥም ቶሎ አይሰማም። በጾም ቀን ባዶ ሆድሽን ዳገት እንዳትወጪ፤ ታች ሜዳው ይበቃሻል። ክረምት ጭቃው ሲመጣ ደግሞ ይቅር፣ በረንዳ ላይም ቢሆን ተራመጂ።

ብቻሽንም አትሂጂ። ጎረቤትሽን ቀስቅሺያት፤ እሷም ስኳሯን እያማረረች ቤት ተቀምጣለች። ወሬውን እዚያው አውሩት።

የጫማ መግዣ በወንድሜ በኩል ልኬልሻለሁ። ሶሉ የማያንሸራትት፣ ጣትሽን የማይጫን ይሁን። ብሩን ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳትሰጪው፤ እሱን እኔ እከፍላለሁ። ገዝተሽ ስትጨርሺ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅሽ