ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትፈርሚ እንዳትሞቺ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ከሰኞ ማታ በስተቀር ማለቴ ነው።

ሰኞ ማታ ያ አይሱዙ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ከደሴ ሲወርድ ሐረጎ ላይ አንቺን መንገድ ዳር ተዘርግተሽ አገኘሽ። እስከ አንገትሽ ደም። ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራቶ ገደል ሊገባ ምንም አልቀረውም። ወርዶ «የሰው ያለህ!» ሲል ብድግ ብለሽ «አብሽር፣ ፊልም ነው» አልሽው አሉ። እሱ ግን ድንጋጤው ሳይለቀው ቤታችን መጣና ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመረው። እናትሽ መጨረሻውን መች ጠበቀች? ጮኸች። ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግቢውን ሞላው። ለለቅሶ የመጣው ሰው ቡና ጠጥቶ፣ ስቆ ሄደ። እናትሽ ግን እስካሁን አልሳቀችም። ደውይላት። ዛሬውኑ ደውይላት።

ፊልም ለምን ሠራሽ አላልኩም። ሥራ ነው። ሜካፕ ልትሠሪ እንደገባሽ፣ ተዋናይዋ ስትቀር ሬሳ እንዳደረጉሽ፣ ሬሳ በማትሆኚበት ሰዓት ደግሞ መብራት እንደምትይዢ ወንድምሽ ነግሮኛል። ገንዘብ የሌለው ፊልም እንዲህ ነው፣ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። «ምን ያህል ይከፍሏታል?» ስለው «ሁሉም ጓደኛሞች ናቸው፣ ፊልሙ ሲወጣ ይካፈላሉ» አለኝ። ወረቀት አለ? የለም። ልጄ፣ ሳትፈርሚ እንዳትሞቺ። ክፉ አይንካሽና፣ ለፊልሙ ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድምሽ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ስለ አስፈሪ ፊልሞች ያነብልኛል። መጀመሪያ አንቺን የምገሥጽበት ነገር ፈልጌ ነበር፤ በኋላ ራሴ ተመሰጥኩበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የሚባል አለ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ካሜራውን ራሳቸው ተሸክመው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጫካ ገቡ። ስምንት ቀን። ዳይሬክተሮቹ ቀን ቀን ምግብ እየቀነሱባቸው፣ ማታ ማታ ድንኳናቸውን እየነቀነቁባቸው። በፊልሙ ውስጥ የተጠሩትም በገዛ ስማቸው ነው። ሊወጣ ሲል ደግሞ ልጆቹ የእውነት ጠፍተው እንደቀሩ ተደርጎ ተወራ። የልጅቷ እናት የማጽናኛ ካርድ ይደርሳት ነበር። (እናትሽ ይሄን ስትሰማ «አላልኩህም?» አለችኝ።) ፊልሙ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ተዋንያኑስ? በ2024፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው «ድርሻችንን ስጡን» የሚል ደብዳቤ በአደባባይ አወጡ። ሃያ አምስት ዓመት! በዚያ ዕድሜ ልጅ ወልደሽ ትድሪያለሽ።

ሌላውን ደግሞ ስሚ። «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተቀርጾ በ1974 የወጣው። ገዳዩን የሆነው ሰውዬ ትርፍ ልብስ ስላልነበረው በዚያ ሙቀት አንዱኑ ልብስ ሳይታጠብ ወር ሙሉ ለበሰው። የውሸት ደም የሚረጨው ነገር አልሠራ ሲል የተዋናይዋን ጣት የምር ቆረጡት። ይሄ ሁሉ ይሁን። እኔን ያናደደኝ ክፍያው ነው። ለልጆቹ ከደመወዝ በላይ ፐርሰንት ተሰጣቸው፣ ደስ አላቸው። ፐርሰንቱን የሰጣቸው ድርጅት ግን የፊልሙ ግማሽ ብቻ ነበር የእሱ። ይሄን አልነገሯቸውም። አንድ ብር ያሉት ሃምሳ ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። እና ያ ዳይሬክተራችሁ «ፐርሰንት አለሽ» ሲልሽ ዝም አትበይ። የምኑ ፐርሰንት? ከወጪ በፊት ነው ከወጪ በኋላ? ባለቤቱስ ማነው? ይጻፍልኝ በይ። አታፍሪ። የሚያፍር እሱ ነው።

ለባለቤቶቹም ቢሆን ወረቀት ይበጃል። እዚያው አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ አሥር ሰዎች 600 600 ዶላር አዋጥተው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ፊልም አለ፣ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ ቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። በመጨረሻ ርዕሱን ሲቀይሩ የባለቤትነት መብት የምትገልጸዋ መስመር አዲሱ ርዕስ ላይ ሳትጻፍ ቀረች። በጊዜው ሕጋቸው ያለ እሷ መብት የለም። ፊልሙ የማንም ሆነ። ማንም እያባዛ ሸጠው፣ እነሱ ቆመው አዩ።

ደም ስል ድስቱ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዒድ ኩሽና ገብተሽ ስኳሩን ስታንተከትኪ በር ላይ ቆሜ አይሻለሁ። በማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አደረግሽ። አየሽው፣ አልወደድሽውም። ካካዎ በጥፍርሽ ቆንጥረሽ ጨመርሽ፣ አማሰልሽ፣ እጅሽ ላይ ቀባሽና ወደ መስኮቱ አዞርሽው። «አባዬ፣ ቀይ ብቻ ከሆነ ድልህ ይመስላል፤ ደም ሲቆይ ይጠቁራል» አልሽኝ። ያን ቀን ኮራሁብሽ። አልነገርኩሽም እንጂ ያ እጅ የሞያ እጅ ነው። ለዚያ ነው በነፃ እንዲሄድ የማልፈልገው። ድስቱን ግን መልሺ፤ እናትሽ የወጥ ድስት አጥታለች። ጉንዳኑም ገና ከኩሽናው አልወጣም።

የአክስትሽን የእታለምን ነገር ታውቂያለሽ። ታውቂያለሽ ግን ሙሉውን አይደለም። በካሴት ዘመን ነው። ሰርግ ላይ ስትዘፍን የሰማት አንድ ነጋዴ ደሴ ፒያሳ ሆቴል ክፍል ተከራየ። የመኪና ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። እኔ ነኝ ምስማሩን የመታሁት። እታለም ሌሊቱን ሙሉ ዘፈነች። ሲነጋ ድምፅዋ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነበር የምታወራው። አንድ ሹራብና የመሳፈሪያ ተሰጣት። «ካሴቱ ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ተባለች።

ካሴቱ ወጣ። ከሐይቅ እስከ ባቲ ያልከፈተው ሻይ ቤት የለም። ሽፋኑ ላይ የእሷ ስም የለም፣ ፎቶውም የሌላ ሴት ነው። እታለም ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ ከፊት ለፊቷ ሱቅ ድምፅዋን ትሰማለች። አንድ ቀን ተነሥታ ገባችና «ይሄ ካሴት ስንት ነው?» አለች። ባለሱቁ ዋጋውን ነገራት። ተከራክራ፣ አስቀንሳ ገዛችው። የገዛ ድምፅዋን! ነጋዴውን ፈልጋ ስታገኘው ምን አላት መሰለሽ? «የፈረምሽው ነገር አለ?» አላት። አልነበረም። በዚያው አበቃ። አላህ ይዘንላትና እስክትሞት ድረስ ሰርግ ቤት «ዝፈኚ» ሲሏት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ትል ነበር። ካሴቱ እኔ ጋር አለ። ክሩ ተጠላልፏል፣ በእስክሪብቶ አጠነጥነዋለሁ። አንቺ ሳቅሽ ሲመጣ የእሷ ነው። አስቀይሞሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ግን የእሷ ነው።

ዛሬ ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ የተዋናይንም መብት ያነሣል። ወንድምሽ አውርዶ ይልክልሻል። ሕጉ ግን ወረቀት ለያዘ ይቀለዋል። ሳትፈርሚ እንዳትሞቺ። ስትፈርሚም ሁለት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ በእጅሽ ይቅር። ስምሽ ፊልሙ ላይ በምን በምን ሥራ እንደሚጻፍ፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል፣ ብትጎጂ ማን እንደሚያሳክምሽ ይኑርበት። ጓደኛሞች ከሆናችሁ ደግሞ መፈረሙ ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ መብራቱ። ዕድሜዬን ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ነው የጨረስኩት፣ በዚህ አትከራከሪኝ። የተጠቀለለውን ኤክስቴንሽን ሙሉ በሙሉ ሳትፈቱ ትልቅ መብራት አትሰኩበት፤ እንደተጠቀለለ ይግልና ይቀልጣል። ማያያዣው መሬት ላይ አይደር፣ የደሴ መሬት ማታ ርጥብ ነው። ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳም ላይ ቢሆን፣ አታስነሡ። ጭሱ እንደ ከሰል ነው፣ አስተኝቶ ያስቀራል። ከመንገድ ፖል ላይ መቀጠልማ አይታሰብም።

ተኩስና ፍንዳታም አደራ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ያየነውን አይተሻል። የሰው ጆሮ ገና አልዳነም። እናትሽ የብረት በር ሲላተም ዛሬም ትቆማለች። ድምፁን በኋላ በኮምፒውተር ጨምሩት፣ ይቻላል አለኝ ወንድምሽ። ማታ ስትወጡ ለቀበሌና ለፖሊስ ቀድማችሁ አሳውቁ። አስፋልት ላይ መተኛትማ ከእንግዲህ የለም። በቃ። ሬሳ ካስፈለጋቸው ሜዳ ላይ ይሁን፤ ቦሩ ሜዳ ስንት ሜዳ አለ! ለጭስ ማሽን ገንዘብ የለንም ብለሽ ነበር ደግሞ። ምን ያደርግላችኋል? የጦሳ ተራራ ጉሙን በነፃ ይለቅላችኋል።

ይሄን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሚኒባስ ላይ አንድ ጋቢ እና ሁለት የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ። ሬሳ ስትሆኚ ካልሲው አይታይም፣ ከውስጥ አድርጊው። ዳቦው የእናትሽ ነው። ለሁሉም አካፍዪ፣ ለዳይሬክተሩም ጭምር። ቁርስ ሳትበዪ ቀረጻ አትውጪ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ቴስተርና ፒንሳ ይዤ ነው። ለዳይሬክተራችሁ ንገሪው፣ ልቆጣው አይደለም፣ ገመዳችሁን አይቼ እመለሳለሁ። ውለህ መብራት ሥራልን ካላችሁኝ ግን እኔም ሳልፈርም አልነካም።

አባትሽ
ከኮምቦልቻ